የኦሺማ ጥፋት ገላ ማሳየቱ ነውን?

በቅርቡ የፊልም ክበባችን በጠራው ስብሰባ ላይ አንዲት እህታችን ሐሳብ አቀረበች። «የጃፓናዊውን ዲሬክተር የናጊሳ ኦሺማን ፊልሞች በተከታታይ እንይ፤ አይተንም እንወያይባቸው» አለች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ከወዲያ ማዶ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ያ የብልግና ፊልም የሠራው ሰውዬ ነው?» አለ። ሳቅ ሆነ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «ገላ ሸጦ ስም ያወጣ ነጋዴ ነው፤ መድረካችን ለእንዲህ ያለ ነገር አይደለም» አለ። ሦስተኛው፣ በንባቡ ሁላችንም የምናከብረው ልጅ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሰውዬው በመሠረቱ ንዑስ ከበርቴ አመፀኛ ነው፤ ከትግሉ ሸሽቶ አልጋ ውስጥ የተደበቀ» ሲል ደመደመ። ሰብሳቢው «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አለና ታለፈ። ልጅቷ ተቀመጠች። እኛም ዝም አልን።

«እኛ» ማለቴ ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። ከዝምተኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የሰውዬውን ፊልሞች አይቻለሁ፤ ከተባለው ነገር ግማሹ ግማሽ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ጭራሹን ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ግን እንዳይሳቅብኝ ፈራሁ። «ይኼም ለካ እንዲህ ያለ ነገር ወዳድ ነው» እንዳልባል ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚያች ዐሥር ደቂቃ ማንም ሹም አልከለከለንም፤ ማንም መቀስ ይዞ አልመጣብንም። ራሳችን ቆረጥነው። ስለዚህ ከረፈደም ቢሆን ልናገር።

ነገሬ አጭር ነው። ኦሺማን በ1976 ፊልሙ ብቻ የሚያውቁ፣ ከዚያም ፊልም ገላውን ብቻ የሚያስታውሱ ሰዎች፣ ቢጠሉትም ቢያደንቁትም የሳንሱርን ሥራ ይሠሩለታል። የሰውዬው ትልቁ ድፍረት ልብስ ማስወለቁ አይደለም። ትልቁ ድፍረቱ የገዛ ወገኑ እንኳ እንዲነሣበት የማይወደውን ነገር በሰው ፊት ማንሣቱ ነው። ማስረጃዬም ፊልሞቹ ራሳቸው፣ በፊልሞቹም ላይ የደረሰው ነገር ነው። (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ለመሆኑ ሰውዬው ማን ነው? ኦሺማ በ1932 ተወለደ። አባቱ የሞተበት ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ ግን ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ያስተማረው የተማሪው ንቅናቄ ነበር ቢባል ያስኬዳል፤ ከመሪዎቹ አንዱ ነበርና። በ1954 ትምህርቱን ጨርሶ ሾቺኩ ከሚባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ በረዳት ዲሬክተርነት ገባ። እንግዲህ «ከትግሉ ሸሽቶ» ለሚለው ወዳጄ የመጀመሪያው መልስ ይኸው። ሰውዬው ትግልን በወሬ ወይም በመጽሐፍ ሳይሆን ከውስጡ ሆኖ ያወቀ ነው። በኋላም ያስቸገረው ይኸው ማወቁ ነው።

የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው በ1959 ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የድሀ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ እርግብ ይሸጣል። የሸጣት እርግብ ከገዢዋ ቤት ታመልጥና ወደ ልጁ ቤት ትመለሳለች፤ እሱም መልሶ ይሸጣታል። ማጭበርበር ነው? አዎ፣ ነው። ግን እናቱ ጫማ ጠርጋ አዳሪ ናት፤ ያውም ታማለች። አንዲት የሀብታም ልጅ ታዝንለታለች፤ ትወዳጀዋለች፤ በአባቷ ኩባንያ ሥራ እንዲያገኝም ትደክምለታለች። የእርግቧ ነገር ሲታወቅ ግን ያ ሁሉ ደግነት እንደ ጤዛ ይረግፋል። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ እርግቧን ትገዛና ለቃ፣ ወንድሟን «ተኩስባት» ትለዋለች። ይተኩሳል። እርግቧም ዳግመኛ አትመለስም።

ኦሺማ ለፊልሙ ያሰበለት ስም እርግብ የሚሸጠው ልጅ የሚል ነበር። ኩባንያው ግን «የፍቅርና የተስፋ ከተማ» ብሎ አወጣው። እስቲ አስቡት! ፍቅሩ በጥይት የሚያልቅ ፊልም! የኩባንያው አለቃ ሺሮ ኪዶ የተቆጡበት ምክንያትም የታወቀ ነው፤ ፊልሙ ሀብታምና ድሀ ከቶ ሊታረቁ አይችሉም ይላል አሉ። ልብ በሉ፤ በዚህ ፊልም ውስጥ አንድም ራቁት ሰው የለም። ሰውዬው ከአለቆቹ ጋር የተጣላው ገና አንድ ቁልፍ ሳያስፈታ ነው።

አሁን ወደ 1960 እንምጣ። ያ ዓመት ለጃፓን ቀላል ዓመት አልነበረም። ከአሜሪካ ጋር ያለው የጸጥታ ውል ሊታደስ ነው ተብሎ አገሩ ተነሣ። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ የቤት እመቤቷ ሳትቀር በመቶ ሺህ እየሆነ ቶኪዮ ላይ ወጣ። ጁን 15 ቀን ሚቺኮ ካንባ የምትባል የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በምክር ቤቱ ግቢ በተነሣው ግጭት ሞተች። ውሉ ግን ጸደቀ። ሰልፈኛው ወደየቤቱ ገባ። ከእንዲህ ያለ ሽንፈት በኋላ ሰው የሚያደርገው ነገር ምንጊዜም አንድ ነው፤ ግማሹ ጠላትን ይረግማል፣ ግማሹ ሥራ ይይዛል፣ ግማሹም ያገባል። «እኛስ ምን አጠፋን?» የሚል ግን ጥቂት ነው።

ኦሺማ በዚያው ዓመት፣ ቁስሉ ሳይጠግ፣ «ሌሊትና ጭጋግ በጃፓን» የሚለውን ፊልም ሠራ። ፊልሙ ሠርግ ነው። ሙሽራው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተማሪ ሳለ የታገለ፣ አሁን ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ነው። ሙሽራይቱ የ1960ዋ ተማሪ ናት። የተገናኙት በዚያ በጁኑ ትግል ነው። ሁለት ትውልድ በአንድ ጋብቻ ሊዋሐድ! ጽዋ ይነሣል፤ ንግግር ይደረጋል። በመካከሉ ያልተጠራ እንግዳ ይገባል፤ ፖሊስ የሚፈልገው ተማሪ ነው። «ከእኛ ጋር ቆስሎ፣ ከዚያ የገባበት ያልታወቀውን ጓዳችንን ረሳችሁት ወይ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። እሱ ሲናገር የቀድሞው ትውልድም መቃብር ይከፈታል። ከዓመታት በፊት በተማሪዎች መኖሪያ ሰላይ ነህ ተብሎ የታሰረ ሰው ነበር። ሰውዬው አመለጠ። አስመለጥከው ተብሎ አንድ ተማሪ በጓዶቹ ተወነጀለ። ልጁ ራሱን አጠፋ። ማን ነበር የፈረደበት? ማን ነበር እውነቱን እያወቀ ዝም ያለው? ሙሽራውስ ያን ጊዜ የት ነበር?

ካሜራው በዚህ ሁሉ መካከል ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይዞራል እንጂ አይቋረጥም። ፊልሙ በሙሉ ከ50 ባነሱ ረጃጅም ቀረጻዎች ነው የተሠራው። ተዋናዩ ቃሉ ቢደናቀፍበት እንኳ አይቆምም፤ እንደ ተደናቀፈ ይቀጥላል። በመድረክ ላይ የሚናገረውን ሳይሆን ጥግ ይዞ አንገቱን የደፋውን ሰው እናያለን። በመጨረሻ ያልተጠራውን እንግዳ ፖሊስ ይይዘዋል፤ የድሮው መሪ ግን ስለ አንድነት፣ ስለ ዲሲፕሊንና ስለ ትክክለኛው መሥመር ንግግሩን ይቀጥላል፣ ይቀጥላል። በዙሪያው ጭጋግ ነው። የሰማው ሰው የለም፤ ያቋረጠውም የለም።

ፊልሙ ኦክቶበር 9 ቀን 1960 ተከፈተ። ኦክቶበር 12 ቀን የሶሻሊስት ፓርቲው ሊቀመንበር ኢነጂሮ አሳኑማ በሕዝብ ፊት ንግግር ሲያደርጉ አንድ የ17 ዓመት የቀኝ አክራሪ በጎራዴ ወግቶ ገደላቸው። ሾቺኩ ወዲያው ፊልሙን ከሲኒማ ቤቶች አወረደው። ከተከፈተ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ተመልካች አልመጣም የሚል ነበር። ኦሺማ ግን የተቃውሞ ጽሑፍ አወጣ፤ የፊልሙን መውረድም ጭፍጨፋ ብሎ ጠራው። በዚያው ወር ተዋናይቱን አኪኮ ኮያማን ሲያገባ የገዛ ሠርጉ ኩባንያውን የማውገዣ መድረክ ሆነ ይባላል። ስለ ሠርግ ፊልም ሠርቶ ሠርጉ እንደ ፊልሙ ሆነበት! በማግሥቱ ዓመት ከሾቺኩ ወጣና ከባልደረቦቹ ጋር ሶዞሻ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ፊልም ያወረደው ማን ነው? ፖሊስ አይደለም። ፍርድ ቤትም አይደለም። የጃፓን የ1947 ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጹ ሳንሱርን በግልጽ ይከለክላል። ፊልሙን ያወረደው ፍርሃትና የገበያ ሒሳብ ነው። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። ፊልሙ ቀኙን አላስደሰተም፤ ግራውንም አላስደሰተም። ስለዚህ ሲወርድ «የእኔ ነው» ብሎ የሚጮኽለት ብዙ ወገን አልነበረውም። ጠላትህን ብቻ የሚነካ ሥራ ሲታገድ ወዳጅ አታጣም። ወዳጅህን የሚነካ ሥራ ሲታገድ ግን ብቻህን ነህ። የኦሺማ የድፍረት ልክ የሚለካው በዚህ ነው እንጂ በአንሶላ አይደለም።

ወዳጄ ሆይ፣ «የወገንን ገመና ማውጣት ጠላትን መርዳት ነው» ትለኝ ይሆናል። የሰማሁት ክርክር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ያ መሪም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ የሞተው በጠላት እጅ ነውን? በገዛ ጓዶቹ ጥርጣሬና በገዛ ጓዶቹ ዝምታ ነው። ይህን የሚደብቅ አንድነት ምን ዓይነት አንድነት ነው? ከሌላ አገር ታሪክ ጋር የሚያመሳስለው አንባቢ ያመሳስል፤ እኔ ስለ ጃፓኑ ልጨርስ።

ከሾቺኩ ከወጣ በኋላ ሰውዬው ወደየት ሄደ? ወደ አልጋ? አይደለም። ጃፓን ልታያቸው ወደማትፈልጋቸው ሰዎች ነው የሄደው። በ1963 ለቴሌቪዥን «የተረሳው ሠራዊት» የሚል አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ስለ ኮሪያውያን ነው፤ በጃፓን ጦር ውስጥ ተሰልፈው ዓይናቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን ያጡ ኮሪያውያን። ጃፓን «ዜጋዬ አይደላችሁም» ብላ ጡረታ ነፈገቻቸው፤ ወደ ኮሪያ ወገን ሲሄዱ ደግሞ «ያቆሰለቻችሁ ጃፓን ናት፤ እሷን ጠይቁ» ተባሉ። ነጭ የበሽተኛ ልብስ ለብሰው ቶኪዮ መንገድ ላይ ይሰለፋሉ፤ አላፊ አግዳሚው ያልፋል። ካሜራው አንዱ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ የጠፋው ዓይኑ ሲያለቅስ ያሳያል። ፊልሙም ተመልካቹን፣ ጃፓናውያን ሆይ ይህ ልክ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ብልግና ከሆነ ብልግናው የማን ነው?

በ1968 «ሞት በስቅላት» መጣ። ጥንስሱ እውነተኛ ነገር ነው። በ1958 ጃፓን የተወለደ አንድ ወጣት ኮሪያዊ በነፍስ ግድያ ተከሶ በ1962 ተሰቀለ። ኦሺማ ፊልሙን የሚጀምረው መስቀያውን ቤት እንደ መሐንዲስ እያስጎበኘን ነው፤ በሩ ይኸው፣ መጋረጃው ይኸው፣ ወለሉ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ከዚያ ልጁ ይሰቀላል፤ ግን አይሞትም! ይነቃል፤ ማን እንደ ሆነም አያስታውስም። አሁን ሹማምንቱ ቸገራቸው። ጥፋቱን የማያውቅ ሰው አይሰቀልም ይላል ሕጉ። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ቄሱ፣ ሐኪሙና የወህኒ ቤቱ ሹማምንት ልጁ እንዲያስታውስ ብለው የራሱን ወንጀል ተራ በተራ በቴያትር ያሳዩታል። ኮሪያዊ እንዴት እንደሚናገር፣ እንዴት እንደሚደኸይ፣ እንዴት ሴት እንደሚመኝ እነሱ ናቸው የሚያስተምሩት። ተመልካች ይስቃል። በመካከሉ ከሹማምንቱ አንዱ በጨዋታው ይዋጥና ራሱ አንዲት ልጅ አንቆ ይገድላል። ሳቁ ያን ጊዜ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በመጨረሻም ገመዱ ባዶውን ይወዛወዛል፤ አንድ ድምፅም በግድያው ሥነ ሥርዓት የተካፈሉትን ባለሥልጣኖች ያመሰግናል። ቀጥሎ ፊልሙን ያዩትን ተመልካቾች ያመሰግናል። እናንተም ነበራችሁበት ማለቱ ነው።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ብዙ ፊልም መንግሥትን ይከሳል፤ ተመልካቹን ግን ያባብላል። ኦሺማ ተመልካቹን ከዳኞች ወንበር ያወርድና ከተከሳሾች ሣጥን ያስገባዋል። እንግዲህ በስብሰባችን ላይ የሳቁ ጓደኞቼ ይህን ፊልም ቢያዩ ኖሮ ይስቁ ነበርን?

አሁን ወደዚያ ወደ ተፈራው 1976 ልሂድ፤ አልሸሸውም። «የስሜት ግዛት» ግልጽ የወሲብ ትርኢት አለበት፤ ተዋንያኑ የሚያደርጉት የማስመሰል አይደለም። «ለሁሉም ሰው፣ ለሕፃንም ይታይ» የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ጥያቄው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን በጃፓን ወሲብ ተከልክሎ ነበር ወይ?

ኧረ ተው! ኒካትሱ የሚባለው ኩባንያ ከ1971 ጀምሮ የወሲብ ፊልም እንደ ዳቦ ይጋግር ነበር። ጥቂቶቹ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ቢያጋጩትም አብዛኞቹ ፊልሞች ኤይሪን የተባለውን፣ የፊልም ኢንዱስትሪው ራሱ በ1949 ያቋቋመውን የቁጥጥር ቢሮ እያለፉ በየሲኒማ ቤቱ ይታዩ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። የሚታየው እንዳይታይ በምስሉ ላይ ጭጋግ ይጣልበታል፤ ወይም ካሜራው በአበባ ማስቀመጫ ይጋረዳል። ተመልካች ገንዘቡን ይከፍላል፤ ኩባንያው ያተርፋል፤ ሕጉም ክብሩ ይጠበቅለታል። ገላ ይሸጥ ነበር እንጂ መች ተከለከለ? የተከለከለው ያለ ጭጋግ ማየት ነው።

ሕጉ በ1907 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ 175ኛ አንቀጽ ነው። አሳፋሪ ጽሑፍና ሥዕል ያሰራጨ ይቀጣል ይላል። ሕገ መንግሥቱ ሳንሱርን ከከለከለም በኋላ ይህ አንቀጽ አልተነካም። የአንድ እንግሊዛዊ ልብ ወለድ ተርጓሚና አሳታሚ በዚሁ አንቀጽ ተከሰው በ1957 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነታቸውን አጽንቷል። ኦሺማ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የሕግ ተማሪ ነበር ብያለሁ። ስለዚህ ከፈረንሳዊው አምራች ከአናቶል ዶማን ጋር ተዋዋለ። ጥሬው ፊልም ከፈረንሳይ ወደ ጃፓን መጣ፤ ቀረጻው ኪዮቶ ውስጥ በተዘጋ ስቱዲዮ ተካሄደ፤ የተቀረጸው ሳይታጠብ ተመልሶ ፈረንሳይ ሄደና እዚያ ታጠበ፣ እዚያ ተቀናበረ። ፊልሙ በወረቀት ፈረንሳዊ ሆነ! በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ታየ። ኒውዮርክ ሲደርስ ደግሞ የአሜሪካ ጉምሩክ ያዘው። ስለዚህ ነገሩ የጃፓን ጉድ ብቻ አይደለም። ወደ ጃፓን የተመለሰው ግን ተቆርጦና ጭጋግ ተጥሎበት ነው። በ2000 ዳግመኛ ሲታይ እንኳ ጭጋጉ ሙሉ በሙሉ አልተነሣለትም። የጃፓን ሕዝብ የገዛ ልጁን ሥራ በሙሉ ማየት ሲፈልግ አውሮፕላን መሳፈር ነበረበት።

ፊልሙስ ስለ ምንድን ነው? በ1936 ቶኪዮ ውስጥ ሳዳ አቤ የምትባል ሴት ውሽማዋን በፍቅር ጨዋታ መካከል አንቃ ገደለች፤ የወንድነት አካሉንም ቆርጣ ይዛ ተገኘች። 1936 ማለት ደግሞ የጦር መኮንኖች በፌብሩዋሪ መንግሥት ለመገልበጥ የተነሡበት፣ ጃፓን ወደ ትልቁ ጦርነት የምታዘግምበት ዓመት ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ አጭር ትርኢት አለ። ወታደሮች በሰልፍ በመንገዱ ይተማሉ፤ ሕዝቡ ባንዲራ እያውለበለበ ዳር ቆሟል፤ ሰውዬው ግን አንገቱን አዘንብሎ ግድግዳ ግድግዳውን በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ሴትዮዋ ይሄዳል። አገሩ ሁሉ ወደ ሞት ሲሰለፍ እነሱም በክፍላቸው ወደ ሌላ ሞት ይሄዳሉ። ኦሺማ «ይህ ነፃነት ነው» አይልም። ሁለቱን ሞት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አንዱን ብቻ ብልግና የምንልበትን ምክንያት ይጠይቃል። «ከትግሉ ሸሽቶ አልጋ ውስጥ» ያልከው ወንድሜ፣ ይህችን ትርኢት አይተሃታል? ወይስ እሷ ላይ ስትደርስ ሌላውን ትጠብቅ ነበር?

ፊልሙን በቀጥታ መክሰስ ያልቻለው መንግሥት የፊልሙን ጽሑፍና ፎቶግራፎች የያዘውን መጽሐፍ ከሰሰ። ኦሺማና አሳታሚው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሌላ ሰው ቢሆን «ኪነጥበብ ነው እንጂ ብልግና አይደለም» ብሎ ይማጸን ነበር። እሱ ግን እንዲህ ያለውን መከላከያ አልወደደም። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ብልግና የሚኖረው በተደበቀው ነገር ውስጥ ነው፤ የተገለጠ ነገር ብልግናነቱ ያበቃል፤ ስለዚህ አሳፋሪውን የሚፈጥረው ከልካዩ ራሱ ነው። በ1979 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ነፃ አለው፤ በ1982 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አጸናለት። ድል ነው? ግማሽ ድል ነው። ኦሺማ የፈለገው ሕጉ እንዲፈርስ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን መጽሐፉን ነፃ አውጥቶ ሕጉን እንዳለ ተወው። ዛሬም አለ። ሰውን በነፃ አሰናብቶ ሰንሰለቱን በግድግዳው ላይ መተው የዳኞች የቆየ ጥበብ ነው።

ሰውዬውን ታቦት ላደርገው እንዳልፈለግሁ ደግሞ ይታወቅልኝ። በዚህ ፊልም የተነሣ አንድ ዕዳ አለበት፤ አድናቂዎቹ ቶሎ ያልፉታል። ሳዳን ሆና የተጫወተችው ኤይኮ ማትሱዳ በአገሯ ስድብና ማሸማቀቅ ወረደባት፤ የተዋናይነት ሥራዋም ብዙ ሳይራመድ ቀረ። አብሯት የተጫወተው ታትሱያ ፉጂ ግን በ1978 በኦሺማ በሚቀጥለው ፊልም ዋና ተዋናይ ሆነ፤ ኦሺማም በዚያ ፊልም በካን የምርጥ ዲሬክተር ሽልማት አገኘ። አንድ ሥራ፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ዓይነት ዋጋ። ሳንሱርን በፍርድ ቤት ያሸነፈ ሰው የመንደሩን ሳንሱር ለሴቲቱ ሊያሸንፍላት አልቻለም። በዚህ መሥመር የሚመጣ ሂስ ካለ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ግን ይህ «ብልግና ነው» ብሎ ከመሳቅ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። እንዲያውም ማትሱዳን የጎዳት ያ ሳቅ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ተናጋሪዎች ላሰናብት። «ብልግና ነው» ላልከው፦ ከ20 በላይ ፊልሞች ከሠራ ሰው አንዱን መዝዘህ፣ ከአንዱም ገላውን መዝዘህ ከፈረድክ፣ መቀሱ ያለው በእጅህ ነው። «ነጋዴ ነው» ላልከው፦ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በ1960 ገበያ የነበረውን ትቶ ስለ ተማሪዎች ኑዛዜ ፊልም አይሠራም ነበር፤ በሾቺኩ ቁጭ ብሎ ደሞዙን ይበላ ነበር። «ንዑስ ከበርቴ አመፀኛ» ላልከው ደግሞ፦ በዚያ ሠርግ ላይ በጭጋግ ውስጥ ንግግሩን የሚቀጥለውን መሪ እስቲ ሄደህ እየው። ቃላቱን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለህ።

ኦሺማ በ1996 ሽባ አደረገው፤ ሆኖም በ1999 አንድ የመጨረሻ ፊልም ሠርቶ በ2013 በ80 ዓመቱ ሞተ። የእኛ መፍረድና አለመፍረድ እሱን አይነካውም። የሚነካው እኛን ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ክበብ ያላየውን ነገር በሳቅ ማለፍ ከጀመረ፣ ነገ ሳንሱር የሚያደርግ ሹም ቢመጣ ሥራ ይፈታል እንጂ ሥራ አይበዛበትም።

ስለዚህ ሐሳቤን አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ የእህታችን ሐሳብ እንደገና አጀንዳ ይሁን። በ1976ቱ አንጀምር፤ በእርግቧ እንጀምር፤ ከዚያ ሠርጉን፣ ከዚያ ስቅላቱን እንይ። የመጨረሻውን ለማየት ያልፈለገ ይውጣ፤ መብቱ ነው። ያየ ግን ይናገር። እሷም ሐሳቧን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታስረዳ፤ ሳትጨርስ የሚነሣ ካለ በዚህ ጊዜ ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ።